ሰው ከመጠርጠር በፊት፦ የሬዲዮን የማሰራጫ ኃይል እንዴት እንለካ?

የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ጥቂት ወሬ ነው። ሕልሜ አንድ ቀን ከሌክውድ ሆኜ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ግቢ ያለውን ኢቲ3ኤኤ የተባለ ጣቢያ ማግኘት ነው። ለዚህም እዚሁ ከሚኖሩ አንድ አባት ያገለገለ ሬዲዮ ገዛሁ። ጋሼ «ድፍን 100 ዋት ነው» ብለውኛል። ቤት ወስጄ ስለካው ግን 82 አሳየኝ። ደውዬ «ጋሼ፣ ለምን አታለሉኝ?» ልል ምንም አልቀረኝም።

ያዳነኝ የነርሲንግ ትምህርቴ ነው። ክንድ ላይ የምንጠመጥመው የደም ግፊት መለኪያ ለሰውየው ከጠበበ፣ ቁጥሩ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያስደነግጠን መጀመሪያ አለካካችንን እናያለን። ሬዲዮውንም እንደዚያው መረመርኩት።

1. ጭነቱ። አንቴናውን ነቅለን በቦታው 50 ኦም የሆነ ዳሚ ሎድ እንሰካለን። ያልተስማማ አንቴና ንባቡን ያዛባል፤ ብዙ ሬዲዮዎችም ራሳቸውን ለማዳን ኃይል ይቀንሳሉ። አየር ላይ ያለ ሰውም አንረብሽም።

2. ምልክቱ። ስንናገር ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ በሞርስ ወይም በኤፍኤም ሳናወራ ተጭነን እንለካለን። ጭነቱ ስለሚግል ከ10 ሰከንድ አናሳልፍ።

3. መለኪያው። የእኔ እስከ 200 ዋት ያነባል፤ ስሕተቱ የሙሉ ልኬቱ 5 በመቶ፣ ማለትም 10 ዋት ነው። ስለዚህ 82 ሲል እውነቱ ከ72 እስከ 92 ሊሆን ይችላል። ባለ 5 ዋት የእጅ ሬዲዮ በዚህ መለኪያ ብንለካማ ስሕተቱ ከሚለካው ነገር ይበልጣል!

4. የኤሌክትሪክ ምንጩ። ሬዲዮው 13.8 ቮልት ይፈልጋል። እያሰራጨሁ ከሬዲዮው ጀርባ ስለካ 11.8 ብቻ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ቀጭንና ረጅም ሽቦ ነው። ሽቦው 0.1 ኦም ብቻ ቢኖረው እንኳ፣ 20 አምፔር ሲያልፍበት 2 ቮልት ይበላል።

ወፍራምና አጭር ሽቦ ስቀይር ንባቡ 96 ዋት ሆነ። ከመለኪያው ስሕተት አንጻር ይህ ከ100 አይለይም።

ለነገሩ 82 እና 100 ምን ያህል ይራራቃሉ? ከ1 ዴሲቤል በታች ነው። የተቀባዩ የምልክት መለኪያ አንድ ደረጃ ከፍ እንዲል 6 ዴሲቤል፣ ማለትም አራት እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ያለው ሰሚ ልዩነቱን ልብ አይለውም። የአሜሪካ ሕግም ጣሪያውን 1500 ዋት ቢያደርግም፣ ለግንኙነቱ ከሚበቃው በላይ እንዳንጠቀም ያዛል።

ጋሼ ጋ መደወሌ አልቀረም፤ አንቴና እንዲያሰቅሉኝ ነበር። የሆነውን ስነግራቸው ስቀው «ልጄ፣ መጀመሪያ ሽቦውን ማየት ነው» አሉኝ። ሬዲዮ ያላችሁ በሚቀጥለው ስብሰባችን ይዛችሁ ኑ፤ ዳሚ ሎዱን እኔ አመጣለሁ፣ አብረን እንለካለን።