መሬት ላይ ያለ አይሮፕላን

ስለ አይሮፕላን አደጋ በተነሣ ቍጥር ሁላችንም ዐይናችንን ወደ ሰማይ እናቀናለን። ሞተሩ ጠፋ፣ ተራራ መታ፣ ደመና ውስጥ ገባ እንላለን። ነገር ግን አይሮፕላን ገና ሳይነሣ፣ ወይም በደኅና ካረፈ በኋላ፣ በጎማው እየተንከባለለ ሳለ የሚደርስበት አደጋ ቀላል አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ፣ በተለይም በትንንሽ አይሮፕላኖች ላይ የሚደርሰውን፣ ባጭሩ እንመለከታለን።

አይሮፕላን በገዛ ሞተሩ ኀይል ከመቆሚያው እስከ መንደርደሪያው፣ ከመንደርደሪያውም እስከ መቆሚያው በመሬት ላይ የሚያደርገውን ጉዞ አብራሪዎች «ታክሲ» ይሉታል። ስሙ አራት ኪሎ ላይ የምንሳፈረውን ታክሲ ቢመስልም ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው። የመኪናን ጎማ የሚያዞረው ሞተሩ ነው፤ የትንሽ አይሮፕላን ጎማ ግን ዝም ብሎ ይንከባለላል እንጂ ከሞተሩ ጋራ ግንኙነት የለውም፤ አይሮፕላኑን የሚስበው ፕሮፔለሩ ነው። ከዚህም በላይ ክንፍ ነፋስ እንዲያነሣው ሆኖ የተሠራ ስለ ሆነ፣ አብራሪው ባይፈልግም ነፋሱ ሥራውን መሥራቱን አይተውም። አደጋው የሚመጣባቸውን መንገዶች በሦስት ከፍለን እንያቸው።

አንደኛው የሚዛን ነገር ነው። በቀድሞ ጊዜ ከተሠሩት አይሮፕላኖች ብዙዎቹ ሁለት ትልልቅ ጎማ ከፊት፣ አንዲት ትንሽ ጎማ ደግሞ ከጅራታቸው ሥር ነበራቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረባቸው የዳግላስ አይሮፕላኖችም እንደዚሁ ነበሩ። በእነዚህ ላይ የክብደቱ ማእከል ከዋናዎቹ ጎማዎች በስተኋላ ይገኛል። ስለዚህ አይሮፕላኑ ጥቂት ከተጠማዘዘ ክብደቱ ጅራቱን ወደ ውጭ እየገፋ ጥምዘዛውን ያብሰዋል፤ አብራሪው በእግሩ ቶሎ ካላረመው ባለበት ዞሮ ክንፉ መሬት ይመታል። አፍንጫውም ወደ ላይ ያቀና ስለ ሆነ የፊቱን መንገድ ይጋርዳል፤ አብራሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያጠማዘዘ በጎን ማየት አለበት። ሦስተኛዋ ጎማ ከአፍንጫው ሥር በሆነችባቸው አይሮፕላኖች ይህ ችግር እጅግ ቀንሷል። ነገር ግን ጎማዋ ጕድጓድ ውስጥ ብትገባ ፕሮፔለሩ መሬት ሊመታ ይችላል። ያን ጊዜ የፕሮፔለሩን ምላጭ ማቃናት ብቻ አይበቃም፤ ድንጋጤው እስከ ሞተሩ ውስጥ ስለሚደርስ ሞተሩም መመርመር አለበት።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመው ጅራት ከጎን የሚመጣውን ነፋስ ስለሚቀበል፣ አይሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ማዞር ይወዳል። ደንቡም ይህ ነው፦ ነፋሱ ከፊት በጎን ሲመጣ መሪውን ወደ ነፋሱ ማዞር፤ ከኋላ በጎን ሲመጣ ግን መሪውን ከነፋሱ ወዲያ አዙሮ ወደ ፊት መግፋት። በተለይ ክንፋቸው ከላይ የሆነ ቀላል አይሮፕላኖችን ከኋላ በጎን የሚመጣው ነፋስ ሊገለብጣቸው ይችላል። ከትልቅ ጄት ጀርባ የሚወጣው አየርም እንዲሁ ስለሚያደርግ፣ ራቅ ብሎ መጠበቅ ግድ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው መንገድ መሳት ነው። ለዚህ ሲባል በአይሮፕላን ማረፊያ ሁሉ የታወቀ ቋንቋ አለ። የታክሲ መንገድ ዳር መብራቱ ሰማያዊ፣ የመንደርደሪያው ዳር መብራት ነጭ ነው። በቀይ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ነጭ ፊደል፣ መሬት ላይም የተቀቡ አራት ቢጫ መሥመሮች፣ ሁለቱ ድፍን ሁለቱ የተቆራረጡ፣ «ሳይፈቀድልህ እንዳታልፍ» ማለት ናቸው።

ይህ ቋንቋ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን በኢጣልያ፣ በሚላኖ ከተማ ሊናቴ አይሮፕላን ማረፊያ ታይቷል። መስከረም 28 ቀን 1994 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 8 ቀን 2001) ከጧቱ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ ከባድ ጉም ወርዶ ነበር። አራት ሰዎች የያዘች ሴስና የምትባል ትንሽ ጄት «በሮሚዮ 5 ሂጂ» ተባለች። አብራሪው ሮሚዮ 5ን ደግሞ ተናገረ፤ ዳሩ ግን መንገዱ ከሚከፈልበት ስትደርስ በሮሚዮ 6 ታጠፈች። ይህ መንገድ ዋናውን መንደርደሪያ ያቋርጣል። አብራሪው መሬት ላይ ያየውን የቦታ ምልክት በሬዲዮ ተናገረ፤ ምልክቱ ግን በካርታው ላይ ስላልነበረ ተቆጣጣሪው አላወቀውም። በሮሚዮ 5 ላይ ያለች መስሎት ጉዞዋን እንድትቀጥል ፈቀደላት። ቀዩን መብራት ተሻግራ መንደርደሪያው ላይ ስትወጣ 110 ሰዎች የጫነ የስካንዲኔቪያ አየር መንገድ ጄት ለመነሣት ተንደርድሮ ደረሰባት። ትልቁ አይሮፕላን ከመንደርደሪያው አልፎ የጓዝ ማከማቻ ሕንፃ መታ። በሁለቱ አይሮፕላኖች የነበሩት ሁሉና አራት የማረፊያው ሠራተኞች፣ በጠቅላላው 118 ሰዎች ሞቱ።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የተሳሳተውን መንገድ የያዙት አብራሪዎቹ መሆናቸው አይካድም። ነገር ግን የምርመራው ውጤት ከዚያ አልፎ ሄዷል። መሬት ላይ ያለውን አይሮፕላን በጉም ውስጥ የሚያሳየው አሮጌው ራዳር ተነሥቶ አዲሱ ገና ሥራ አልጀመረም ነበር። መንደርደሪያው ላይ የሚገባውን የሚጠቁመው መሣሪያ በከንቱ እየጮኸ አስቸገረ ተብሎ ተዘግቷል። ምልክቶቹም ዓለም አቀፉን ደንብ አያሟሉም ነበር። እነዚህ ጕድለቶች ለየብቻቸው ቢታዩ «ለነገ ይደርሳል» የሚባሉ ናቸው። ያን ጧት ግን ሁሉም ባንድነት ተገናኙ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል የአገራችን ሰው። አብራሪው መንገዱን ተጠራጥሮ ቢቆም፣ ተቆጣጣሪውም ያላወቀውን ምልክት «ምንድር ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ፣ የሚጠፋው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ከእኛ መካከል ነገ አይሮፕላን የሚያበርሩ ጥቂቶች ይሆናሉ፤ መሣሪያ እንዲገዛ፣ ቀለም እንዲታደስ፣ ካርታ እንዲታረም በሚጠይቅ ወረቀት ላይ የሚፈርሙት ግን ብዙዎች ናቸው። እንዲህ ያለው ወረቀት ጠረጴዛችን ላይ ሲደርስ ሊናቴን እናስታውስ።