ሦስት ሽማግሌዎች በአንድ መልክ



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ቅዱሳት ሥዕላት አሳሳል ነው። ወር በገባ በ12 ከመገናኛም ከአያትም ተሰባስባችሁ ሲኤምሲ ቅዱስ ሚካኤል የምታስቀድሱ ሁሉ፣ ከሥዕሉ ፊት ቆማችሁ ስትጸልዩ የማን ሥዕል እንደሆነ አይጠፋችሁም። ሠዓሊው ለምን እንደዚያ አድርጎ እንደ ሣለው ግን ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም። በቤተ ክርስቲያናችን አሳሳሉ ራሱ ትምህርት ስለሆነ፣ ይህን ሳይጠይቁ ማለፍ ስብከቱን ከመሃል ጥሎ እንደ መውጣት ነው።

ሥዕለ ሥላሴን እናስቀድም። አድያም ሰገድ ኢያሱ የመሠረቱትን የጎንደሩን ደብረ ብርሃን ሥላሴ የሚጎበኝ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን ባለ ክንፍ የመላእክት ፊቶች ሲያይ ይቆያል። ይገባዋልም። እኔ ግን ዓይኑን ዝቅ አድርጎ ከመቅደሱ በር በላይ ያለውን እንዲመለከት እመክረዋለሁ። ሦስት ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ተሥለዋል። በዚህ ዓይነት ሥዕል ዳርና ዳር ገጸ ሰብእ፣ ገጸ አንበሳ፣ ገጸ ላሕምና ገጸ ንስር ያላቸው አርባዕቱ እንስሳ ይታያሉ።

ሥዕለ ሥላሴን ቀረብ ብላችሁ እዩ። የአንዱ ቅንድብ የሌላውም ቅንድብ ነው። ከቅንድቡ ተነሥቶ አፍንጫውን ይዞ የሚወርደው መስመር በሦስቱም ላይ አንድ ነው። ሽበቱ፣ የጢሙ ርዝመት፣ ለቡራኬ የተነሣው እጅ አይለያይም። አብ የትኛው፣ ወልድ የትኛው፣ መንፈስ ቅዱስ የትኛው እንደሆነ በመልክ መለየት አይቻልም። ይህ የሠዓሊው ችሎታ ማነስ የሚመስለው ሰው አለ፤ «አንዱን ፊት ሦስቴ ደገመው» ይላል። ትምህርቱ ያለው ከመድገሙ ላይ ነው።

አርዮስ ወልድን ፍጡር ነው፣ ያልነበረበት ጊዜ ነበረ ብሎ አስተማረ። ሠለስቱ ምእት በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ ተሰብስበው አወገዙት። ወልድን ከአብ በዕድሜ ያሳነሰ ሥዕል ሳያስበው ወደ አርዮስ ደጅ ይጠጋል፤ የእኛ ሠዓሊ ይህን ስለሚያውቅ ሦስቱንም አሸበታቸው። በሌላ በኩል ሰባልዮስ አንዱ አካል በሦስት ስም ይጠራል ባይ ነበር። ለእርሱ መልሱ የፊቶቹ ሦስትነት ነው። አባቶች ለአብም ለወልድም ለመንፈስ ቅዱስም ፍጹም ገጽ፣ ፍጹም መልክዕ፣ ፍጹም አካል አላቸው ብለው ያስተማሩት በሦስቱ ፊቶች ተገልጧል፤ የባሕርይ አንድነታቸው ደግሞ በመልኩ አንድነት። ሁለት መናፍቃን በአንድ ሥዕል ተረቱ ማለት ነው።

«አብን ማን አየውና ይሣላል?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሥዕሉ የመለኮትን ባሕርይ አሳያለሁ አይልም፤ ለአባቶች በተገለጠው አምሳል ላይ ይቆማል። አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስት እንግዶችን ተቀብሏል (ዘፍጥረት 18)። ዳንኤል በዘመናት የሸመገለውን ፀጉሩ ነጭ ሆኖ አይቶታል (ዳንኤል 7)። የተቀረጸ ምስልን አታምልክ ያለው እግዚአብሔርም (ዘጸአት 20) ጥቂት ምዕራፎች አልፎ በታቦቱ መክደኛ ላይ ኪሩቤልን እንዲሠራ ሙሴን አዝዞታል (ዘጸአት 25)። የተከለከለው አምልኮው ነው። ከሥዕል ፊት የምናቀርበው የአክብሮት ስግደት ለሥዕሉ ባለቤት ነው፤ ለእንጨቱና ለቀለሙ አይደለም።

በሌላው ዓለም ያሉ ሠዓሊዎችም ከዚሁ ምሥጢር ጋር ታግለዋል። ሩሲያዊው መነኩሴ አንድሬ ሩብሌቭ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአብርሃምን እንግዶች በሦስት መላእክት አምሳል በአንድ ማዕድ ዙሪያ አስቀመጣቸው። ፊታቸው ተቀራራቢ ነው፤ የልብሳቸው ቀለም ግን ይለያያል። ጣሊያናዊው ማዛቾ በ1427 እ.ኤ.አ. ገደማ በፍሎረንስ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ በሣለው ሥዕል አብ ሽማግሌ ሆኖ ከመስቀሉ ኋላ ቆሟል፣ ወልድ ተሰቅሏል፣ መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል በመካከላቸው ነው። የጣሪያው መስመሮች ወደ አንዲት ነጥብ ስለሚሰበሰቡ ጠፍጣፋው ግድግዳ ወደ ውስጥ የገባ ክፍል ይመስላል። ማዛቾ ሊናገር የፈለገው ነገረ መስቀሉን ነውና ለዓላማው ተስማምቶታል። በየሱቁ የሚሸጠው ፖስተር ግን መስቀሉን ትቶ ሽማግሌ፣ ጎልማሳና ርግብ ብቻ ሲያስቀር፣ ሕፃን ልጅ «አብ ታላቅየው ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። በእኔ አስተያየት ለቤታችሁ የምትገዙት ሥዕለ ሥላሴ የአባቶችን አሳሳል የጠበቀው ቢሆን ይሻላል።

ከዚህ ቀጥሎ ዓይንን ተመልከቱ። በተለይ ከጎንደር ዘመን ወዲህ በተሣሉት ሥዕሎች ቅዱሳን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት ያያሉ፤ ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ጌታን የገረፉት ጭፍሮች በአንድ ዓይን፣ ፊታቸውን ወደ ጎን መልሰው ይሣላሉ። ማንበብ ለማይችል ምእመን ይህ በቂ ነበር፤ ማን ማን እንደሆነ ከሩቅ ይለያል። ሆኖም ሕጉን በየአገሩ ይዞ መዞር አይቻልም። ፒዬሮ ዴላ ፍራንቼስካ የኡርቢኖውን መስፍን ፌዴሪኮን በአንድ ዓይን የሣለው አክብሮ ነው፤ እንደ ጥንት ነገሥታት ሳንቲም መሆኑ ነው፤ ደግሞም መስፍኑ ቀኝ ዓይኑን በፈረስ ግጥሚያ አጥቶ ስለነበር ግራ ጎኑ ብቻ ታየ። በእኛም ቢሆን ጥንቃቄ ያሻል። ጌታን በጦር የወጋው ለንጊኖስ በትውፊታችን አንድ ዓይና ነበር፤ በደሙ ተፈወሰ። እርሱን በአንድ ዓይን ተሥሎ ስታዩ ጠላት ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ታሪኩን ጠይቁ።

ለሚካኤል ወዳጆች የቀረው የባሕራን ታሪክ ነው። የድሃው ልጅ ሀብትህን ይወርሳል ሲባል የሰማው ባለጠጋ ሕፃኑን ገዝቶ በሣጥን አድርጎ ባሕር ላይ ጣለው፤ ሕፃኑ ከባሕሩ ተርፎ ካደገም በኋላ የሞት ደብዳቤ አስይዞ ወደ ቤቱ ላከው። ቅዱስ ሚካኤል በመንገድ ወታደር መስሎ ተገናኘውና ጽሕፈቱን ለወጠለት፤ ባሕራን የባለጠጋውን ልጅ አገባ። ይህን ሁሉ በአንድ ሸራ ላይ የሚሥል ሠዓሊ ባሕራንን ደጋግሞ ይሥለዋል። ይህም ስሕተት አይደለም። ያው ማዛቾ ስለ ቀረጡ ገንዘብ በሣለው ሥዕል ጴጥሮስን በአንድ ግድግዳ ላይ ሦስት ጊዜ አሳይቶታል፤ ከጌታ ፊት፣ ከዓሣው አጠገብ፣ ከቀራጩ ጋር። ሰኔ 12 ቀን ታሪኩ ሲነበብ ልጆቻችሁን ወደ ሥዕሉ አቅርባችሁ ባሕራን ስንት ቦታ እንዳለ አስቈጥሯቸው፤ ሣጥኑ ከተጣለበት ባሕር ጀምራችሁ ሠርጉ እስኪደርስ።