ጋዝ ሻጭን ስለ መምረጥ

በጅማ ከተማ መብራት የሚሸጥልን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ብቻ ስለ ሆነ ምርጫ የለንም። ቡታ ጋዝ ግን ከልዩ ልዩ ነጋዴ ይገኛል። በእንግሊዝ አገር ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ማንኛውም ቤተሰብ ቧንቧው ሳይነካ የጋዙን ሻጭ መለወጥ ይችላል፤ የወሰደውንም መጠን ቆጣሪው ይነግረዋል። እኛ ዘንድ ቆጣሪ የለም።

ባለፈው ክረምት እናቴ በርካሽ የገዛችው ሲሊንደር ቶሎ አለቀባት። አጋሮ ባለው በአጎቴ የቡና መጋዘን የጆንያው ክብደት ሳይቀነስ ሒሳብ አይከፈልም። የሲሊንደሩም ባዶ ክብደት በብረቱ ላይ ተቀርጿል፤ ከሙሉው ሲቀነስ የሚቀረው ጋዙ ነው። ሁለተኛውን ከዚያው ሱቅ አምጥተን ብንመዝነው ሦስት ኪሎ ጎደለ፤ ዋጋውን ለኪሎ ብናካፍለው ርካሽ የተባለው ከሌሎቹ በለጠ። አሁን እናቴ ሱቁ ቢርቅም ፊቷ ከሚመዝንላት ሻጭ ትገዛለች።