የወላጅ ወረቀትና የልጅ ደብተር



የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን አሜሪካ ለምትኖሩ ወይም እዚያ ዘመድ ላላችሁ ነው። ቪዛው ያለቀበት አባት ልጁን ትምህርት ቤት ሊያስመዘግብ ሲነሳ «ወረቀት ቢጠይቁኝስ?» ብሎ ይፈራል። ፈርቶ ልጁን ቤት የሚያስቀምጥም አለ።

ይህ ጥያቄ መልስ ያገኘው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። ነገሩ የተጀመረው ቴክሳስ ውስጥ ነው። በ1975 የግዛቲቱ ምክር ቤት በሕጋዊ መንገድ ላልገቡ ልጆች መማሪያ የሚሆን ገንዘብ ለትምህርት ቤቶች እንዳይሰጥ ከለከለ። በ1977 ደግሞ ታይለር በምትባል ከተማ እነዚህ ልጆች በዓመት 1,000 ዶላር ካልከፈሉ አይማሩም ተባለ። ከሜክሲኮ ለመጣ ደሞዙ ትንሽ ለሆነ ሠራተኛ ይህ «ልጅህን አታምጣ» ከማለት አይለይም።

አራት ቤተሰቦች ከሰሱ። እስቲ አስቡት፤ ወረቀት የሌለው ሰው በገዛ እግሩ ፍርድ ቤት ሲሄድ! ስማቸው እንዳይታወቅ ተደረገ፤ ዳኛውም ችሎቱን ሰው ሳይበዛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ አስቻለ። ከዚያው ልንባረር እንችላለን ብለው ዕቃቸውን መኪና ላይ ጭነው የመጡ ነበሩ። ሱብሓነላህ! ይህ ሁሉ ልጅ ደብተር እንዲይዝ ነው።

ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ቤተሰቦቹ ረቱ። ዳኛ ብሬናን በጻፉት ውሳኔ፣ የሕግ እኩል ጥበቃ ለዜጋ ብቻ ሳይሆን በአገሪቱ ግዛት ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ነው፤ ልጅም ወላጆቹ ባደረጉት ነገር ሊቀጣ አይገባም። ይህ የኋለኛው ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አንዱ በሌላው ወንጀል እንደማይጠየቅ ቁርኣን ላይ ደጋግመን እናነባለን። የሚገርመው፣ በሐሳብ የተለዩት ዳኞችም ሕፃናትን ያለ ትምህርት ማስቀረት ጥበብ የጎደለው መሆኑን አልካዱም። ማስተካከል ያለበት ግን ፍርድ ቤት ሳይሆን ሕግ አውጪው ነው አሉ።

ውሳኔው ለወላጅ መኖሪያ ፈቃድ አይሰጥም፤ ዩኒቨርሲቲንም አይመለከትም። ሊያስሽሩት የሚፈልጉ ፖለቲከኞችም አሉ።

ብዙ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛውን አንብባችሁ ቅጹን የምትሞሉት እናንተ ወጣቶቹ ናችሁ። ስለዚህ ይህን ያዙ፦ የሕዝብ ትምህርት ቤት የልጁን ዕድሜ፣ በአካባቢው መኖሩንና ክትባቱን የሚያሳይ ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል። «መኖሪያ ፈቃድ የላችሁም» ብሎ ግን ሊመልስ አይችልም። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ልጅም ይመዘገባል። ቅጹ ላይ ስለ ወላጅ ሕጋዊነት የሚጠይቅ መስመር ካያችሁ፣ ከመሙላታችሁ በፊት ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ጠበቆችን ጠይቁ። ዛሬ ከሶላት በኋላ መስጂድ በር ላይ፣ ልጁን ቤት ያስቀመጠ ሰው ካወቃችሁ፣ ሰው በማይሰማበት ጠጋ ብላችሁ ንገሩት።