«የበጋ ሌሊቶች»፤ ስድስቱ የቤርሊዮዝ ዘፈኖች

ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ኤክቶር ቤርሊዮዝ የባለቅኔውን የቴዎፊል ጎቲዬን ስድስት ግጥሞች መርጦ፥ በፒያኖ ታጅበው እንዲዘፈኑ በ1841 (እ.ኤ.አ.) ሲያሳትም «የበጋ ሌሊቶች» አላቸው። (የፈረንሳዮች በጋ በኛ የክረምት ወራት ስለሚውል ትርጉሙ ለጆሯችን ትንሽ ያስቸግራል፤ ነገር ግን እነርሱ የሚያስቡት ፀሐይንና ሙቀትን ስለ ሆነ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም።) ግጥሞቹ አስቀድሞ በ1838 የወጡበት መጽሐፍ ስም ግን «የሞት ኮሜዲ» ነው። እንግዲህ አንባቢ ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ይያዝ።

በመጀመሪያው ዘፈን ፀደይ ነው፤ ሁለት ወዳጆች ወደ ጫካ ሄደው እንጆሪ ይዘው ይመለሳሉ። ደስታው በዚሁ ያልቃል። በሁለተኛው የምትናገረው፥ አንዲት ልጃገረድ ደረቷ ላይ ሰክታ ወደ ጭፈራ የወሰደቻት ጽጌረዳ ናት። አበባዪቱ ደርቃ ሞታለች፤ መንፈሷ ግን ሌሊት ወደ ልጅቱ አልጋ ይመጣል። የመጣችው ልትወቅስ አይደለም፤ መቃብሯ የልጅቱ ደረት በመሆኑ ነገሥታት እንኳ ይቀኑባታል ባይ ናት። ዜማው ረዥም ትንፋሽ ይፈልጋል፤ ዘፋኟ ከቸኮለች ነገሩ ሁሉ ይበላሻል።

ሦስተኛው ወዳጁ የሞተችበት ዓሣ አጥማጅ ልቅሶ ነው። እዚህ ላይ ቤርሊዮዝ የሚያስደንቅ ነገር አድርጓል፤ ይኸውም ዘፈኑን ጆሮ ወደሚጠብቀው ማረፊያ ሳያደርሰው፥ የሙዚቃ ተማሪዎች ዶሚናንት በሚሉት ድምፅ ላይ አንጠልጥሎ ይተወዋል። ሐዘንተኛው መጽናኛ አላገኘምና ሙዚቃውም አላረፈም። ከዚያ በኋላ የሩቅ ወዳጅ ጥሪ፥ ቀጥሎም የመቃብር ስፍራ ይመጣል።

የዚህን ሁሉ ምሥጢር ከደራሲው ትዳር የሚፈልጉ አሉ። እርግጥ ነው፥ በ1833 ካገባት ከተዋናይቱ ከሃሪየት ስሚትሰን ጋር የነበረው ፍቅር ቀዝቅዞ ነበር፤ አራተኛውን ዘፈንም በ1843 ለኦርኬስትራ ያዘጋጀው በኋላ ሁለተኛ ሚስቱ ለሆነችው ለድምፃዊት ማሪ ሬስዮ ነው። ነገር ግን የቀሩትን አምስቱን ለኦርኬስትራ ያዘጋጀው እስከ 1856 ባለው ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ሃሪየት ሞታ፥ ማሪ ሚስቱ ሆና ነበር። ስለዚህ በኔ አስተያየት ከሐሜቱ ይልቅ የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል ብዙ ያስረዳል።

በመጨረሻው ዘፈን አንድ ጀልባ ቀዛፊ ቆንጆይቱን ወዴት ልውሰድሽ ይላታል። እርስዋም ፍቅር ለዘለዓለም ወደሚጸናበት ዳርቻ ትላለች። በፍቅር አገር ያን ዳርቻ የሚያውቀው እምብዛም የለም ሲል ይመልስላታል። ቤርሊዮዝ ለዚህ መራራ መልስ የሰጠው የልቅሶ ዜማ አይደለም፤ ሙዚቃው እንደ ሸራ ነፋስ የሞላበት፥ የሚፈነጥዝ ነው። ቀዛፊው ወዴት መሄድ ትፈልጊያለሽ ብሎ እንደ ገና ይጠይቃታል፤ ልጅቱ ትሳፈር አትሳፈር አይነገረንም።