«በኋላ» እና «ስለዚህ»

በሐተታ ድርሰት አንዱ ነገር ከሌላው የተገኘ መሆኑን ለማስረዳት «ስለ»፣ «ስለዚህ»፣ «በዚህም ምክንያት» በተባሉት አያያዦች እንጠቀማለን። እነዚህ ቃላት «በኋላ» ከሚለው ጋር አይተካኩም። «በኋላ» የሚገልጸው ጊዜን ብቻ ነው፤ «ስለዚህ» ያለ ጸሐፊ ግን ማስረጃ የማቅረብ ዕዳ አለበት። ቀጥሎ ያለውን ምንባብ አያያዦቹን እያስተዋላችሁ አንብቡ። (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በ1950ዎቹ በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን፣ ሬዲዮና ሸክላ ማጫወቻ ለመግዛት አቅም ያልነበረው ሕዝብ «ሳውንድ ሲስተም» በሚባሉት ግዙፍ ድምፅ ማጉያዎች ዙሪያ ተሰብስቦ ይጨፍር ነበር። አጫዋቹም በዘፈኑ ላይ ከምቱ ጋር የተስማማ ንግግር ያክልበት ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ የዘፋኙ ድምፅ የተቀነሰለት ቅጂ በሸክላው ጀርባ መታተም ስለ ጀመረ፣ ተናጋሪው ሰፊ ቦታ አገኘ፤ ዩ ሮይ በዚህ ስልት ስመ ጥር ሆነ።

ክላይቭ ካምቤል በ1955 በኪንግስተን ተወልዶ በ1967 በኒው ዮርክ ከተማ ወደሚገኘው ብሮንክስ ሄደ። ኦገስት 11 ቀን 1973 እኅቱ ሲንዲ ለትምህርት ቤት መክፈቻ የልብስ መግዣ ለማግኘት ባዘጋጀችው የዳንስ ግብዣ ላይ፣ «ኩል ኸርክ» በሚለው ስሙ ሸክላ አጫወተ። ጨፋሪዎቹ ከበሮው ጎልቶ የሚሰማበትን አጭር ክፍል እንደሚወዱ ስላስተዋለ፣ የአንዱን ዘፈን ሁለት ሸክላዎች እያፈራረቀ ያንን ክፍል ማራዘምን ልማዱ አደረገው። ጓደኛው ኮክ ላ ሮክም በድምፅ ማጉያ የታዳሚዎቹን ስም እየጠራ ያሞግስ ነበር።

እንግዲህ አንድ ተማሪ «ኸርክ የጃማይካ ተወላጅ ነው፤ ስለዚህ ራፕ የጃማይካ ልጅ ነው» ብሎ ቢጽፍ ምን ትላላችሁ? ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው በኩል እንከን የለበትም። ነገር ግን የብሮንክስ ወጣቶች ሬጌን ስላልተቀበሉት ኸርክ ያጫወተው እንደ ጄምስ ብራውን ያሉትን የአሜሪካ ዘፈኖች ነው፤ ራፕ ከጃማይካ የሸክላ ላይ ንግግር መጣ የሚለውንም እርሱ ራሱ አልተቀበለም። ይባስ ብሎ፣ የጃማይካ ተናጋሪዎች አስቀድመው የጥቁር አሜሪካውያንን የሬዲዮ አስተዋዋቂዎች ይኮርጁ ነበር! የማጉያዎቹ ግዙፍነትና ኃይል ግን ከኪንግስተን ልማድ መወረሱ ጽኑ መሠረት አለው፤ በዚህ ላይ «ስለ»ን ያለ ሥጋት መጠቀም ይቻላል።

መልመጃ፦ የተማሪውን ዓረፍተ ነገር ማስረጃው በሚፈቅደው መጠን አርማችሁ ጻፉ። «ስለዚህ»ን ከተዋችሁት በምን እንደ ተካችሁት፣ ካስቀራችሁትም በምን ማስረጃ እንደ ሆነ በአንድ አንቀጽ አስረዱ።