መቀስ ወደ ጥለቱ አይጠጋም

ቆይ፣ መቀሱን አስቀምጪው። መጀመሪያ ቀሚሱን ገልብጠሽ አልጋው ላይ ዘርጊው። የሐበሻ ቀሚስ ምን ያህል እንደሚታዘዝልሽ የምታውቂው ውስጡን ስታዪ ነው። በጎንና በጎኑ ከስፌቱ ውጪ የተረፈውን ጨርቅ በጣትሽ ለኪው። ሁለት ጣት ያህል ካለ ተመስገን በይ፤ ልብስ ሰፊው አስተዋይ ነበር፣ ቢጠብሽም የሚለቀቅ ነገር አለሽ። ጥግ ድረስ ተቆርጦ የተሰፋ ከሆነ ግን ማጥበብ እንጂ መልቀቅ አይቻልም፤ ለእሱ ሌላ ዘዴ አለው፣ እነግርሻለሁ።

ደግሞ ግንቦት ልደታ ደረሰ ብለሽ አትጣደፊ። ግንቦት 1 እዚህ ልደታ የሰፈራችን በዓል ነው፤ ደጀ ሰላሙ ነጭ በነጭ ይሆናል፣ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ንፍሮውና ቡናው ይቀርባል፣ ጎረቤት ሁሉ ይወጣል። የእማዬን ቀሚስ ለዚያ ቀን ማድረስሽን ወድጄዋለሁ። ግን ሌሊቱን በችኮላ የተቆረጠ ቀሚስ አይመለስም፤ ካልደረሰ ለኪዳነ ምሕረት ይደርሳል።

አሁን የምነግርሽን ያዢልኝ፦ መቀስ ወደ ጥለቱ አይጠጋም። ቀሚሱ ቢረዝምሽ ከወገብ ይነሣል፣ ቢሰፋሽ ከጎን ይገባል። የታችኛው ጥለት ግን ሸማኔው ከመሸመኛው ሲያወርደው ያለቀለት ሥራ ነው። ጥለት እንደ ጥልፍ ከላይ በመርፌ የተጨመረ ነገር አይደለም። ሸማኔው ድሩን ወጥሮ ማጉን ሲወረውር፣ በየመሃሉ ባለቀለሙን ክር በጣቱ እያስገባ አብሮ የሸመነው ነው። ያው ገልብጠሽዋል፣ ጠጋ ብለሽ እዪው፤ ቀዩ ክር ከአንዱ መስቀል ወደ ሌላው ከጀርባ እየዘለለ ሲሄድ ይታይሻል። ያንን ክር መሃሉ ላይ ብትቆርጪው የሚይዘው የለም፤ ትንሽ ከታጠበ ይተረተራል። ሽሮ ሜዳ ያሉት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ሙያውን ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ ይዘው የመጡ ቤተሰቦች ናቸው፤ ልጅ ከአባቱ የሽመና ጉድጓድ ዳር ተቀምጦ ነው የተማረው። የሚሠሩት ጠርዝ በአንድ መቀስ የሚበላሽ ከሆነ ያሳዝነኛል፣ እውነቴን ነው።

ከመቁረጥሽ በፊት ይታጠብ። እማዬ ለሠርግ ለብሳው ተመልሶ ሳጥን የገባ ቀሚስ ነው፤ ምናልባት ውሃ አላየም። በእጅ የተፈተለ ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ዛሬ በልክሽ ብታስተካክዪው ነገ አጥሮ ታገኚዋለሽ። ቀለሙ እንዳይለቅ ደግሞ ፈትሺ፦ ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ በጀርባ በኩል ጥለቱ ላይ ጫን አድርጊ። ነጩ ጨርቅ ቀለም ከያዘ ቀሚሱን አትዘፍዝፊ፤ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ቶሎ አሳልፈሽ አውጪው። በረኪና የሚባል ነገር አጠገቡ አይድረስ። አትጭመቂው፣ በፎጣ ጠቅልለሽ ውሃውን አስመጥጪው። በረንዳችን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ ይመታዋል፤ እዚያ አታስጪው፣ ቀለሙን ይበላዋል፣ የመንገዱም አቧራ ይቀመጥበታል። ቤት ውስጥ መስኮት ከፍተሽ ይድረቅ። ካውያ ስታደርጊ በጀርባው፣ ስስ ጨርቅ ጣል አድርገሽበት። የሚያብረቀርቀው ወርቃማ ክር ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክነት አለው፤ ትኩስ ካውያ በቀጥታ ሲነካው ይጨማደዳል፣ ከዚያ በኋላ የሚያቃናው የለም።

አሁን ወደ ርዝመቱ። ወገቡ ላይ የተቀጠለ ስፌት ካለ እድለኛ ነሽ። ግን ፊት ለፊት ከደረት ተነሥቶ እስከ ታች የሚወርደውን ጥበብ ተመልከቺው። ከወገብ ላይ ዝም ብለሽ ብታነሺ መስቀሉ ለሁለት ይከፈላል፤ ላይኛው ግማሽ፣ ታችኛው ሌላ። ስለዚህ ከአንዱ መስቀል መሃል እስከ ቀጣዩ መስቀል መሃል ያለውን ለኪ። 8 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የምታነሺው 8 ወይም 16 ነው፤ አንቺ 10 ብትፈልጊ እንኳ 8 አንሺና ቀሪዋን 2 ጫማሽ ይሙላት። ይህን ያልጠበቀ ቀሚስ ከሩቅ ያስታውቃል፤ መቀነትም አይሸፍነውም። ደግሞ ቀሚሱ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ ስለሆነ ከላይ ስታነሺለት አዲሱ ወገብ ከድሮው ይሰፋል። ትርፉን ከጎንና ከጎን አስገቢው፣ ካልሆነም ከኋላ በኩል ሽብሽቦ አድርገሽ ያዢው። ያነሣሽውንም ሁሉ ቆርጠሽ አትጣይ። ግማሹ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይቀመጥ፤ ለሚቀጥለው ሰው ርዝመት ነው።

የስኮትላንድ ሰዎች ኪልት በሚሉት ሽንሽን ጉርዳቸው የሚያደርጉት ከዚህ ጋር አንድ መሆኑን ሳውቅ ደስ ብሎኛል። ለአንድ አዋቂ በተለምዶ 8 ያርድ፣ ማለትም 7 ሜትር ገደማ የሱፍ ጨርቅ ይፈጃል። የታችኛው ጫፍ አይቀመቀምም፤ ጨርቁ ከመሸመኛው ሲወርድ የነበረው ዳር ራሱ ነው። ስለዚህ ልክ የሚስተካከለው ከላይ፣ ከወገብ በኩል ነው። ሽንሽኑንም ሲያጥፉት ባለ አራት ማዕዘኑ ንድፍ ከእጥፋት ወደ እጥፋት ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ለክተው ነው። እኛ መስቀሉን እንደምንጠብቀው እነሱ የቀለም መስመራቸውን ይጠብቃሉ።

ወገቡ ላይ ስፌት የሌለው ወጥ ቀሚስ ከሆነ ደግሞ ምንም አትቁረጪ። ከጥለቱ በላይ አራት ጣት ያህል ከፍ ብለሽ፣ ዙሪያውን ወደ ውስጥ አንድ እጥፋት አጥፊና በእጅሽ ስፊው። ጥለቱ እንዳለ ወደ ላይ ከፍ ይላል። የእጥፋቱ መስመር በትንሹ ይታያል፤ ቀሚሱ ሲዘናፈል ግን ማንም ልብ አይለውም፣ በፈለግሽ ቀንም ትፈቺዋለሽ።

ማጥበብ ቀላሉ ነው፤ የሚበላሸውም በቀላሉ ነው። ከአንድ ጎን ብቻ ከቀነስሽ የፊቱ ጥበብ ወደዚያ ይሄድና ከእምብርትሽ ይሸሻል። ከግራም ከቀኝም እኩል ይግባ። የምትለብሽውን የውስጥ ልብስና ጫማ አድርገሽ ለብሰሽው እኔ እስፒል ልሰካልሽ፤ ለራስሽ ስትሰኪ ትጣመሚያለሽ። ከዚያ ወዲያው ወደ ስፌት መኪናው አትሂጂ። በባለቀለም ክር ራቅ ራቅ አድርገሽ በእጅሽ ስፊው፣ ልበሽው፣ ወንበር ላይ ተቀመጪ፣ እጅሽን አንሺ፣ ስገጂ። ቤተ ክርስቲያን የሚለበስ ቀሚስ ሲሰግዱበት ማስጨነቅ የለበትም። ሲመችሽ በስፌት መኪናው ሂጂበት፤ መርፌው ቀጭን፣ ስፌቱ ረዘም ያለ ይሁን። ፈትል ልል ስለሆነ የመኪናው ጥርስ ውስጥ ገብቶ ይንጨባረራል፤ ሥሩ ቀጭን ወረቀት አድርጊና አብረሽ ስፊው፣ ሲያልቅ ወረቀቱ ተቀድዶ ይወጣል። የምትቆርጪው ነገር ካለም መጀመሪያ ዚግዛግ ስፊበት፣ መቀሱ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ተቆርጦ ያደረ ፈትል ጠዋት ላይ ግማሹ ክር ሆኖ ነው የሚጠብቅሽ።

እነግርሻለሁ ያልኩሽ የማስፋት ዘዴ ደግሞ ይኸው። ከስፌቱ የሚለቀቅ ከሌለ ከብብት እስከ ታች በሁለቱም ጎን ቀጭን ጨርቅ ይገባበታል። ነጭ ፈልገሽ ለማመሳሰል አትድከሚ። የቆየ ጥጥ ወደ ቅቤ ቀለም ያደላል፣ አዲሱ ይነጣል፤ ጎን ለጎን ሲሆኑ አዲሱ ንጹሕ፣ የእማዬ ደግሞ የቆሸሸ ይመስላል። ይልቅ ሆን ብለሽ ባለቀለም አድርጊው፤ ከጥለቱ ውስጥ አንዱን ቀለም መርጠሽ በዚያ የተሸመነ ቀጭን ጥለት ለብቻው ፈልጊ። መርካቶ ቅርብሽ ነው፤ ቀሚሱን ይዘሽው ሂጂ፣ ቀለም በቃል አይያዝም። እንዲያ ሲሆን የጎኑ ጭማሪ ከመጀመሪያውም የታሰበበት ይመስላል። ከነጠላው ላይ ግን ቆርጠሽ እንዳትወስጂ። ነጠላው ከቀሚሱ ጋር አንድ ላይ የተሸመነ ጓዱ ነው፣ ሁለቱም ጫፎቹ ያስፈልጉታል። ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ስታጣፊው ጥለቱ ይታያል፤ ለቅሶ ቤት ስትሄጂ ዘቅዝቀሽ ጥለቱን ወደ ላይ ታደርጊዋለሽ። አንድ ጫፉ የጎደለ ነጠላ ለዚህ ሁሉ አይሆንም።

ገበሩን ከቀየርሽ አዲሱን ጨርቅ አስቀድመሽ እጠቢው፣ ከታችም ከቀሚሱ ጋር አትስፊው፤ ከወገብ ተንጠልጥሎ ለብቻው ይውረድ። አብሮ ከተሰፋ አንዱ ሲሰበሰብ ሌላውን ይጎትተዋል፣ ጥለቱም ይኮራመታል። ኪስ ትፈልጊያለሽ አይደል? ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ስልክ በእጅ ይዞ ንፍሮ መዝገን አይመችም። በጎን ስፌቱ ውስጥ ይግባ፤ ግን ክብደቱ ልሉን ጨርቅ እንዳይጎትተው የኪሱን ከረጢት በጠንካራ ጥብጣብ ከወገቡ ስፌት ጋር እሰሪው።

የራስሽ ለማድረግ የፈለግሽው ደረቱ ላይ ፈርጥ በሙጫ ለመለጠፍ ከሆነ እለምንሻለሁ፣ ተዪው። ሙጫ ጥጥ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ፈርጡ ሲረግፍ እድፉ ይቀራል። እጅጌው ጫፍ ላይ በእጅ ጥልፍ ጥለፊበት። ከታችኛው ጥለት አንዲት ትንሽ መስቀል ምረጪና ክሮቿን በመርፌ ጫፍ ቁጠሪ፤ ስንት ክር ወደ ጎን፣ ስንት ወደ ላይ። የሐበሻ ጨርቅ ድርና ማጉ ለዓይን ስለሚታይ መቁጠር ይቻላል፣ ያለ ንድፍ ወረቀት እዚያው ላይ ትጠልፊዋለሽ። የጥጥ የጥልፍ ክር ይሁን፤ እሱንም አርጥበሽ ቀለሙን ሞክሪው። በገበሩ ውስጥ ደግሞ፣ ወገቡ አካባቢ፣ የእማዬን ስምና ያገባችበትን ዓመት ጥለፊ፤ ከሥሩ የአንቺን ስምና ዘንድሮን። ውጪ ከምታደርጊው ጌጥ ሁሉ እኔ የምወደው ይሄንን ነው፤ ልጅሽም ስትገለብጠው ታነበዋለች።

የነጠላው ቋጭ ተፈትቷል፣ አይቼዋለሁ። ማታ ማታ ቁጭ ብለሽ ቋጪው። ሁለት ነዶ ክር ለዪ፣ ሁለቱንም ለየብቻ ወደ አንድ አቅጣጫ አክርሪያቸው፣ ከዚያ አንድ ላይ አድርገሽ በተቃራኒው አዙሪያቸው። እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። ጫፉን ቋጥሪ። ጣትሽን በትንሹ ውሃ ካረጠብሽው ክሩ ይታዘዝልሻል።

አንገቱንና ዚፑን ግን አንቺ አትንኪያቸው። አንገት አንዴ ከሰፋ መመለሻ የለውም፣ የኋላው ዚፕም ልል ጨርቅ ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ የለመደ እጅ ይፈልጋል። ሥራ የሚያውቅ ልብስ ሰፊ ጋ ውሰጂው፤ የሐበሻ ልብስ ሰፍቶ እንደሚያውቅ ጠይቂው፣ የሠራውንም አሳየኝ በይው። ስትሰጪውም ሦስት ነገር ንገሪው፦ ኦቨርሎክ ሳያደርግ እንዳይቆርጥ፣ ወደ ጥለቱ እንዳይወርድ፣ የተረፈችውን ቁራጭ ሁሉ፣ ትንሿንም ብትሆን፣ በፌስታል እንዲመልስልሽ።